ሦስት ክብሪትና አንድ ብርጭቆ ውኃ

በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። እትዬ አስካለ ከትልቁ የብረት በር አጠገብ፣ ከውኃ ቧንቧው በስተቀኝ ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታምሩ በረንዳው ደረጃ ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ልጄ ሰናይት ሲሚንቶውን በጆንያ አድርቃ ከጨረሰች በኋላ አጥሩን ተደግፋ። እናቶች በግራ በኩል ሣሩ ላይ፣ ሕፃናቱም ከፊታቸው ተቀምጠው። ባለቤቴ ወርቁ ከጋራዡ በር ፊት፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ። እኔ ባለጎማ ጫማ አጥልቄ፣ በቀኝ እጄ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ውኃ ይዣለሁ። አርባ አምስት ዓመቴ ነበር።

የቆመውን ሰው ሁሉ የማስታውሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ የትም ስደርስ ማን የት እንደቆመ ማየት ልማድ ሆኖብኝ ነበር፤ ብወድቅ ማን ቶሎ እንደሚደርስልኝ ለማወቅ።

ይህን የምጽፈው «ያዞረኛል» ብለው ለሚጨነቁ ሰዎች ነው። ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወሰደች ዓመት ነው። አሁን አርጅቻለሁ፤ ጆሮዬም ደህና ነው።

ግቢው ቦሌ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ ቪላ ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ይኖርበት ነበር፤ አባቴ ዘበኛቸው ነበር። ልጃቸው ወደ አገሯ ስትመለስ ከጫማ በታች በጠፍር የሚታሰር፣ አራት አራት ትንንሽ የብረት ጎማ ያለው ነገር ትታልኝ ሄደች። ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከጋራዡ እስከ በሩ በሚወርደው ሲሚንቶ ላይ ብቻዬን ተማርኩበት። ኋላ ቤቱ ሲወረስ ቀበሌው መዋለ ሕፃናት አደረገው፤ እኔም እዚያው ሞግዚት ሆኜ ተቀጠርኩ።

አንድ ብልሃት ነበረችኝ። የሞላ ብርጭቆ ይዤ ከጋራዡ በር እለቃለሁ። መሐል ስደርስ ቀኝ እግሬን አንስቼ በግራ እግሬ ብቻ እዞርና ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ወደ ኋላ እወርዳለሁ። በሩ ጋ እንደገና ዞሬ እቆምና ብርጭቆውን እዚያ ለቆመ ሰው እሰጣለሁ። ያ ሰው ይጠጣዋል። በየዓመቱ የትምህርት መዝጊያ ቀን ይህን አደርግ ነበር። ሕፃናቱ «የውኃው» ይሉታል። ገና ከጥር ጀምረው «የውኃው መቼ ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ሕመሙ የጀመረኝ በዐቢይ ጾም ነው። የልጆቹን ሽርጥ አጥቤ ገመድ ላይ ላሰጣ ቀና ስል ግቢው ዞረ። ከሲሚንቶው ዳር ያለው የጽድ ዛፍ ወደ ግራ ሄደ፤ አልቆመም። ገመዱን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሁሉም ቦታው ተመልሷል። ጾሙ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። በማግስቱ አልጋ ላይ በቀኝ ጎኔ ስገለበጥ ጣሪያው ዞረ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ።

ፋሲካ አለፈ፤ ሥጋም በላሁ፤ ማዞሩ ግን አልተወኝም። ጤና ጣቢያ ስሄድ ድሬሰሩ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና «ደም የለሽም» አለኝ። እንክብል ሰጥቶኝ አንድ ወር ዋጥኩ። ሌላ ክሊኒክ ግፊቴን ለክተው ዝቅ ብሏል፣ ጨው ጨምሪ አሉኝ። ሦስተኛው ጋ ለክተው ከፍ ብሏል፣ ጨው ተዪ አሉኝ።

«እንግዲህ አንድ ቀን ጨምሪ፣ አንድ ቀን ተዪ፤ ሁለቱም እንዳይቀየሙሽ» አለ ወርቁ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከሕዝብ ጋር ስለሚውል ነገር ቀለል አድርጎ ማየት ይወዳል።

ነገሩ የከበደው በሰኔ ነው። በቀበሌው ሱቅ የስኳር ወረፋ ላይ ነበርን። ተራዬ ሲደርስ ከረጢቴን ከመሬት ላነሳ ጎንበስ አልኩና ቀና ስል ሱቁ ከነባንኮኒው ተገለበጠ። ወደቅሁ። ዓይኔን ከገለጥኩ የባሰ ስለሚዞር ጨፈንኩት። እንዳያስታውከኝ ጥርሴን ነከስኩ። መሬቱ የሚያመልጠኝ ስለመሰለኝም በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ከላዬ የሚነገረውን ሁሉ እሰማለሁ።

«ጥርሷን ነክሳለች» አለች አንዷ።

«እጇን እዩት፣ አፈሩን ስትቧጥጥ።»

«ክብሪት አምጡ። ክብሪት የያዘ ሰው የለም?» ይህ የእትዬ አስካለ ድምፅ ነው። ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ ያንን ያህል ባይበልጡኝም ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

አገራችን ውስጥ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሸተት እንደተለመደ አንባቢ ያውቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በዚያ ይነቃል ይባላል። እሳቸው የጫሩት የመጀመሪያው ክብሪት አልነደደም፤ «እርጥብ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሁለተኛው ተሰበረ። «ኧረ ፀጉሯን እንዳታቃጥሉት» አለ አንድ ሽማግሌ። ሦስተኛው ነደደና አፍንጫዬ ሥር መጣ። በዚያው ቅጽበት ማዞሩ በራሱ ጊዜ በረደልኝና ዓይኔን ገለጥኩ።

«ነቃች። ተመስገን፣ ነቃች» አሉ እትዬ አስካለ። 

እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

ስሕተቴ ይህ ነው። ራሴን አልሳትኩም ነበር፤ ሁሉን ሰምቻለሁ፤ ማለት የነበረብኝ ያንን ነው። ነገር ግን ቀሚሴ ጭቃ ሆኖ፣ ሰው ከቦኝ፣ እሳቸውም ለእኔ ብለው ተጨንቀው ምን ብዬ ልከራከር? አመሰገንኩ። በምስጋናዬም በሽታው ጸደቀብኝ። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ እኔ፣ ጽጌ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ አወቀ።

በማግስቱ ወርቁ ከሥራ መቅረት ስላልቻለ ሆስፒታል የወሰዱኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካርድ ክፍል ደርሰን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጠበቅን። አግዳሚው ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ገጠሬ ሴት ስወዛወዝ አይታ ትከሻዋን ሰጠችኝ። እስከ ተራዬ ድረስ ተደግፌያት ቆየሁ። ስሟን አልጠየቅኋትም።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ደጅ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። «ምን ሆኑ?» ሲለኝ አፌን ሳልከፍት እትዬ አስካለ መለሱ። «ይጥላታል፣ ዶክተር። ጥርሷን ነክሳ፣ አፈር እየቧጠጠች። ክብሪት ጭረንላት ነው የነቃች።»

«እንደዚያ ነው?» አለኝ።

«እንደዚያ ነው የሚሉት» አልኩ። እሱም ጻፈ።

ትንንሽ ነጭ ኪኒን ታዘዘልኝ። ሌላውን በሽተኛ ይጠቅም ይሆናል፤ እኔን ግን አፈዘዘኝ። ቁጭ ብዬ አንቀላፋለሁ፤ ስነሳ እንገዳገዳለሁ፤ ማዞሩም ከነበረበት አልተነቃነቀም። ሁለት ጊዜ ደግሜ ወደቅሁ። እነዚያ መውደቆች ደግሞ ለበሽታው ስም ማስረጃ ሆኑ።

ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር ተለወጠ። እሳት ላይ እንዳልወድቅ ተብሎ ምድጃ አጠገብ መድረስ ተከለከልኩ። ሰናይት ከትምህርት ቤት መጥታ ወጥ ትሠራለች፤ ብዙ ጊዜ ያርርባታል፤ ሁላችንም እንደዚያው እንበላዋለን። የመጸዳጃ ቤቱን መቀርቀሪያ ወርቁ ነቅሎ ጣለው። እኔ ስገባ ሰናይት ደጅ ትቆምና በየመሐሉ «እማዬ?» ትላለች። «አለሁ» እላለሁ። ለፈተና የምታጠናበት ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያልቀው። አንድ ቀን ደብተሯን ወርውራ አለቀሰች፤ ኋላ አንስታ አቧራውን ጠረገችው። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በግራ ጎኔ ብቻ ተኝቼ፣ በሰዓት እላፊ አንድ ነገር ብሆን ማን በየት ያወጣኛል እያልኩ አስብ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የሥራው ነገር ነው። ጓድ ታምሩ ቢሮው ጠራኝ። የተቀመጠበት ክፍል የቪላው መመገቢያ ክፍል የነበረው ነው።

«ጓድ ጽጌ፣ ሥራዎ ላይ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን እናቶች አቤቱታ አቅርበዋል። ልጅ ታቅፈው ቢወድቁስ ይላሉ።»

«እስካሁን ልጅ ይዤ አልወደቅሁም።»

«እሱንም ነግሬያቸዋለሁ። እንግዲህ ለጊዜው በር ላይ ይቀመጡ።»

በሩ ላይ፣ ድሮ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ጠዋት የቀን መኝታ ፎጣቸውን ይዘው ገብተው ወደ እኔ ሲሮጡ እናቶቻቸው እጃቸውን ሳብ ያደርጋሉ። የእትዬ አስካለ የልጅ ልጅ ሕይወት አራት ዓመቷ ነበር፤ ከሁሉም በፊት ከመዋለ ሕፃናቱ ያስወጧት እሳቸው ናቸው። በክፋት አልነበረም፤ የእኔን አወዳደቅ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት የትምህርት መዝጊያ ቀን የውኃው አልተደረገም። ልጆቹም አልጠየቁኝም። ምን ተብለው እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ ወደ ልጆቹ መመለስ።

ክረምቱ አልፎ፣ መስከረምና ጥቅምትም አልፎ፣ በኅዳር ኪኒኔን ላስቀጥል ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ አስካለ የዚያን ዕለት ለቅሶ ስለነበረባቸው ብቻዬን ነበርኩ። ካርድ የምትሰበስበው ነርስ ስሜን ስትጠራ ድምፁ ከቀኜ መጥቶ ፊቴን ወደዚያ ሳዞር ግድግዳውን ያዝኩ። ነርሷ ካርዱን ይዛ ቆመች።

«እናቴ፣ ባለፈውም እንዲሁ ግድግዳ ሲይዙ አይቼዎታለሁ። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ብቻ ነው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አዎ» አልኳት። ካርዴን ይዛ ገባችና ወደ ጆሮ ሐኪም ይዛወሩ የሚል አስጽፋ መጣች።

የጆሮ ሐኪሙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ካርዴን አነበቡና ዘግተው አስቀመጡት።

«ይህ የተጻፈው ነው። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ። ሲወድቁ ራስዎን ይስታሉ?»

«ክብሪት ጭረውልኝ ነው የነቃሁት ይላሉ።»

«ይላሉን ይተዉት። ክብሪቱ ሲጫር እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው መሬት ላይ።»

«ያስታውሱታል?»

«አዎ። ሦስት ክብሪት ነበር። አንዱ እርጥብ ነበር፤ አንዱ ተሰበረ። አንድ ሽማግሌ ፀጉሯን እንዳታቃጥሉት ብሏል።»

ሐኪሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሊስቁ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። «የሚጥል በሽታ እንዲያ የጣለው ሰው ክብሪት ቆጥሮ አይነሳም» አሉ። «ይህን ለማን ነግረው ነበር?»

«ለማንም።»

«ለምን?»

የተዘጋውን ካርድ አየሁት። እሳቸውም አልተጫኑኝም።

አልጋው ላይ አስቀምጠው ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቀኝ አዞሩትና በድንገት በጀርባዬ አስተኙኝ። ክፍሉ ዞረ። ዓይኔን ልጨፍን ስል «አይጨፍኑ፤ እኔን ይዩ» አሉ። ዓይኔ እንዴት እንደሚርገበገብ አተኩረው ተመለከቱ። ማዞሩ ሲበርድ አስቀመጡኝ። «አፍዎ የደበቀውን ዓይንዎ ነገረኝ» አሉ።

እንዳስረዱኝ ከሆነ በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል እንደ ደቃቅ አሸዋ ያሉ ነገሮች አሉ፤ ሚዛናችንን የሚጠብቁ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ከቦታቸው ተላቀው ወደ ቀጭን ቦይ ይገባሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ራሱን ባዞረ ቁጥር አሸዋው ይንከባለልና ዓለም የዞረ ይመስለዋል። አይገድልም፤ አይተላለፍም፤ የሚጥል በሽታም አይደለም። መድኃኒቱም ኪኒን ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው። ነጩን ኪኒን ግን በአንድ ጊዜ እንዳላቆመው፣ ቀስ በቀስ እንድቀንሰው ጽፈው ሰጡኝ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ከሐኪም ሳይነጋገር እንዲህ ያለ ኪኒን በገዛ ፈቃዱ የሚያቆም ሰው ራሱን ይጎዳል።

እንቅስቃሴው ይህ ነው። አልጋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ በአንድ ጎኔ ዝርግት እላለሁ፤ ማዞሩ እስኪያልፍ እቆያለሁ፤ እነሳለሁ፤ በሌላው ጎኔ እደግመዋለሁ። ጠዋት አምስት ጊዜ፣ ማታ አምስት ጊዜ። ስወድቅ ሲያነሱኝ የኖርኩት ሴት አሁን ልድን የቻልኩት ሆን ብዬ በመውደቅ ነው።

ወርቁ ሰዓቱን ይዞ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳፋ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ያስታውከኝ ነበርና።

«ሠላሳ ሞላ። ተነሺ።»

«ገና እየዞረ ነው።»

«ይዙር። የእኔም አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው፤ እስኪሞቅ ነው።»

«አውቶቡስህ ያስታውካል?»

«ከኋላ ቁሚና ጭሱን እይ።»

ከሳቅን ስንት ወር ሆኖን ነበር። ሰናይት ከጓዳ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል አንድ ጠዋት ስነቃ በቀኝ ጎኔ ተኝቻለሁ። ጣሪያው ቦታው ላይ ነው። የቆርቆሮውን ሚስማሮች ከዳር እስከ ዳር አየኋቸው። ከዚያ ተነስቼ ምድጃውን ለኮስኩና ቁርስ ሠራሁ። ሰናይት ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ወርቁ ማታ የመጸዳጃ ቤቱን መቀርቀሪያ መልሶ መታው።

የሐኪሙን ወረቀት ለጓድ ታምሩ ወሰድኩ። ሁለት ጊዜ አንብቦ «ማኅተም አለው» አለና ወደ ልጆቹ ክፍል መለሰኝ። ክፍሉ ግን ባዶ ሆኖ ቆየኝ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ሌላዋ ሞግዚት አዛውረዋል፤ ሠላሳ ልጅ እሷ ጋ ተፋፍጎ፣ እኔ ጋ እናቶቻቸው እዚያው የሚሠሩ አራት ልጆች ብቻ ቀሩ። እስከ ግንቦት እንዲህ ሄደ። ጓድ ታምሩም እንዲህ ከቀጠለ ለመስከረም ሁለተኛ ሞግዚት ማስቀመጥ እንደሚከብደው ነገረኝ።

በዚያ ሳምንት እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። በሕይወቴ ሰው ቤት ለክርክር ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ወረቀቱን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ደስ ብሎኛል። ግን እኔ በዓይኔ ያየሁትን ምን ላድርገው?»

«ምን አዩ?»

«ክብሪት ሸትቶሽ ስትነቂ።»

«እትዬ፣ የመጀመሪያው ክብሪት እርጥብ ነበር። ሁለተኛው ተሰበረብዎት። ሦስተኛውን ሲጭሩ ‹እናቴ ማርያም› ብለዋል።»



«ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ አንቺ ሴት?»

«አፌን ብከፍት እርስዎ ላይ ላስታውክ ነበር።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ። «ያወራሁት እኔ ነኝ። አሁን ብመልሰው አዘነችላት ነው የሚሉኝ። ሴቱ ያየውን እንጂ የሰማውን አያምንም» አሉና፣ «የውኃውን ዘንድሮ ታደርጊዋለሽ?» አሉ።

አላሰብኩትም ነበር። ለክትትል ስሄድ ሐኪሙን ጠየቅኋቸው። «ጆሮዎን እኔ እመሰክርለታለሁ» አሉ፤ «ጉልበትዎን ግን አላውቀውም።» ጉልበቴን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደማይሸከመኝም አውቄያለሁ። ጠፍሩ ደርቆ ስለተሰነጠቀ ወርቁ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ሌላ ቆርጦ ሠራልኝ። ጎማዎቹን በዘይት አሸ። «ይህ የመጨረሻው ነው» አልኩት። «ካልሽ እሺ» አለ።

በመዝጊያው ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር፤ አራት ሰዓት ከመሆኑ በፊት አቆመ። ሰናይት ሲሚንቶውን አደረቀች። በመጀመሪያ እንደጻፍኩት ሁሉም በየቦታው ቆመ። ጓድ ታምሩ ንግግር ሊያደርግ ፈልጎ ነበር፤ ሁኔታውን አየና ተወው።

ወርቁ ብርጭቆውን ሞላልኝ። «ሞተሩ ሞቋል?» አለኝ በቀስታ።

«ሞቋል» አልኩና ለቀቅኩ።

ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ያንኑ የድሮ ድምፁን አሰማ። መሐል ላይ፣ ከጽዱ ትይዩ፣ ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ራሴን ወደ ቀኝ ማዞር ነበረብኝ፤ ወደዚያው ወደ ክፉው ጎን። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ዞርኩ፤ ግቢው አብሮኝ ዞረ። እኔ ስጨርስ እሱም ጨረሰ። ጽዱ ቦታው ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ እየወረድኩ ወርቁ ከጋራዡ ፊት እያነሰ እያነሰ ሲሄድ አየሁት፤ እጁን እንደ ሾፌር ወደ ፊት ዘርግቶ ነበር። በሩ ጋ እንደገና ዞሬ ቆምኩ። ጉልበቴ ጮኸ። ትንሽ ውኃ የእጄ አንጓ ላይ ፈሷል እንጂ ብርጭቆው ሙሉ ነበር።

ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ሲቀበሉኝ እኔ ካፈሰስኩት ይልቅ እሳቸው አፈሰሱ። ቆመው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ሣሩ ላይ አንድ ልጅ «የውኃው» አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። እናቶቹ ዝም አላሰኟቸውም።

እትዬ አስካለ አፋቸውን ጠርገው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሕይወትን መስከረም ላይ አመጣልሻለሁ» አሉኝ።

«ፎጣዋን እንዳይረሱ» አልኳቸው።

አንዲት እናት ከሣሩ ላይ ተነስታ፣ «የእኔም ልጅ ፎጣ ያምጣ?» አለች።

«ያምጣ» አልኩ።

ከቧንቧው ጎን ተቀምጬ ጠፍሩን ፈታሁ። ጫማዎቹን በከረጢት ከትቼ ለሰናይት ሰጠኋት። ከዚያ በትልቁ በር ላይ ያለችውን ትንሿን በር ከፍቼ፣ ማን የት እንደቆመ ሳላይ ወደ ቤቴ ወጣሁ።